ኮንዶሚኒየም ከመከራየታችሁ በፊት ደረጃውን ውጡት

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባሁት በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ አላቋረጠም። ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልለን እስከ አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ጫኝ አውራጆቹን ከፍዬ ሸኘሁና መጀመሪያ ያደረግኩት ቧንቧ መክፈት ነበር። ቧንቧው አየር ብቻ ተፋ። ደላላው «ውሃ እንደ ልብ ነው» ብሎኝ ነበር። አምኜው ነበር።

እጄ ጭቃ ነው። አልጋው አልተገጠመም። ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ ሲመጣ በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተሸክሟል።

«ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው የኔ ልጅ። እስከዚያ በዚህ ተብቃቂ። ጀሪካኑን ግን እንዳትረሺ፣ መልሺልኝ» አሉኝ።

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ እማማ እያልኩ የምጠራቸው እሳቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍም እማማ ስል እሳቸውን ነው።

ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ «ኮንዶሚኒየም ልከራይ ነው፣ ምን ልጠይቅ?» ይሉኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ። ሰው ቤት ሲያይ ሴራሚኩን ያያል፣ የኩሽናውን ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ይመለከታል። እኔ ዛሬ ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው ደረጃውን ነው። ማን ይወጣበታል? ማን ይጠርገዋል? ሰው ሲተላለፍ ሰላም ይባባላል? ውሃ ሲጠፋ ወይ ሌባ ሲገባ የሚደርስላችሁ፣ ወይ የማይደርስላችሁ፣ በዚያ ደረጃ የሚወጣው ሰው ነው።

የእኛ ደረጃ ምድር ቤቱን ጨምሮ 20 ቤት አለው። እኔ ስገባ ሰዎቹ እንዲህ ነበሩ። ምድር ላይ የስልጤ ልጆች የሚሠሩበት ሱቅ፣ አንድ ጸጉር ቤትና ሁለት መኖሪያ ቤት አለ። አንደኛ ፎቅ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ከነልጆቻቸው፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ሦስት ሆነው የተከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ሁለተኛ ፎቅ እማማ። ሦስተኛ ፎቅ ከመርካቶ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ድሮ እዚሁ አካባቢ እርሻ የነበራቸው አባት ከባለቤታቸው ጋር። እኒህ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። አራተኛ ፎቅ እኔ፣ አዲስ ተጋቢ የሆኑ ፕሮቴስታንቶች፣ ከኤርትራ መጥተው የውጭ ጉዟቸውን የሚጠብቁ ሁለት ወንድማማቾች። አንዱ ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቁልፍ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው።

ይህ ድብልቅ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ ሲጀመር ሰው የሚገባው በዕጣ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ተደረገ። 20/80 በሚባለው ፕሮግራም 20 በመቶውን ዕጣ የደረሰው ሰው ያዋጣል፣ 80 በመቶውን ከባንክ ተበድሮ ለዓመታት ይከፍላል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ይሰጥ ነበር። ዕጣ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም። ጉለሌ ያደገው ከቄራው ልጅ ጋር፣ የመርካቶው ነጋዴ ከአስተማሪው ጋር አንድ ደረጃ ላይ ተገናኘ። መሀል ከተማ ሲፈርስ የቀበሌ ቤት የነበራቸው ሰዎች ምትክ ተሰጥቷቸው መጡ። እማማ ከአራት ኪሎ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤቱን አከራዩት። በዚህ በኩል እንደ እኔ ዓይነቱ ከክፍለ ሀገር የመጣ ተከራይ ገባ።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ ነባር የሰፈር ሥርዓት ቆይቶ አይጠብቃችሁም። አራት ኪሎ እማማ የነበሩበት ሰፈር ሦስት ትውልድ አብሮ የኖረ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። እዚህ ሁሉም እንግዳ ሆኖ ነው የጀመረው። ሥርዓቱን ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ አንዱ ደረጃ ከሌላው ይለያል። ከእኛ አጠገብ ያለው ብሎክ ሰዎቹ ለዓመታት እንደተኳረፉ ናቸው። የደረጃቸው አምፖል ከተቃጠለ የሚቀይረው የለም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ቤት ስታዩ በቀን ብቻ አትሂዱ። ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ያን ጊዜ ሰው ከሥራ ገብቷል፣ ምድጃው በርቷል፣ ውሃው ተከፍቷል። መብራቱ ይደክም እንደሆነ፣ የላይኛው ቤት ጩኸት ይሰማ እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ሰዓት ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ቀጭን ነው። የጎረቤት ልጅ ሲያነብ ድምፁ ይሰማል። እኔ የአራተኛ ፎቁን አዲስ ሙሽሮች ጸሎት በቃሌ እስከማውቀው ድረስ ሰምቻለሁ። ደግነቱ ደስ የሚል ድምፅ ነበራቸው።

ውሃን ደላላም አከራይም አትጠይቁ። ምድር ቤት ያለውን ሱቅ ጠይቁ። ሱቁ ምንም የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየትኛው ሰዓት? አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ሲሞላ ላይኛው ፎቅ ገና ጠብታ ይጠብቃል። ግፊቱ ሌሊት ይሻላል፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው ተኝቷል። የመጀመሪያውን ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሳሁ ጀሪካን ስሞላ ነው የኖርኩት። በርሜልና ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ ያለው ቤት፣ ሳሎኑ ጠበብ ቢልም ይመረጣል። ሮቶ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ አከራዩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሲሞላ ብዙ መቶ ኪሎ ነው፤ የትም አይቀመጥም።

ፎቅን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ሁለተኛ ነው። አራተኛ ፀሐይና አየር አለው፣ ግን ውሃው ያሰቃያል፣ ጣሪያው ካፈሰሰም እናንተ ላይ ነው። ምድር ቤት ሽማግሌና ሕፃን ላለው ይመቻል፣ ግን የፍሳሽ መስመሩ ሲደፈን መጀመሪያ የሚገነፍለው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ከላይ የሆነ ሰው ዳይፐር ሽንት ቤት ውስጥ ጥሎ ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ሳሎናቸው በፍሳሽ ተጥለቀለቀ። ማን እንደጣለው አልታወቀም። 20 ቤት አዋጥቶ መምጠጫ መኪና ተጠራ። ያን ቀን የሴትዮዋን ምንጣፍ ከሌሎች ጋር ሆኜ ሳጥብ፣ ከእኔ መታጠቢያ የወረደው ሁሉ የት እንደሚደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁ።

ቆጣሪውን ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ። መብራቱ የካርድ ነው ወይስ በየወሩ የሚከፈል? ያለፈው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ አለ? የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር በገባችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት። ፎቶውን ለአከራዩ ላኩለት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን ባለማድረጌ ሰው የተጠቀመበትን የአራት ወር ውሃ ከፍያለሁ።

አሁን ስለ ውል። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ማንም እንዲደርስበት አልፈልግም። የመጀመሪያው አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ጠየቀኝ። ከደሴ ወንድሜ ልኮልኝ፣ ዕቁቤን ቀድሜ ወስጄ ከፈልኩ። ወረቀት አልተጻፈም። «እኛ እኮ የተማመንን ነን» አለኝ። በስምንተኛው ወር «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ በ15 ቀን ልቀቂ» አለ። የመጣ ልጅ የለም። ቤቱ በበለጠ ዋጋ ለሌላ ተከራየ። አዲሷ ተከራይ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

ዛሬ ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። አከራይ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ ያልበለጠ ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አንዳንድ አከራይ ዛሬም «ለእኔና ለአንቺ ይበቃናል፣ ወረዳ ምን ያደርጋል?» ሊላችሁ ይችላል። እሺ አትበሉ። ተናዶ ቤቱን ቢከለክላችሁ ይከልክል፤ ከስምንት ወር በኋላ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ከመውጣት ዛሬ መለየት ይቀላል። እንዲያከራይ ውክልና የተሰጠው ሰው ከሆነ የሚያነጋግራችሁ የውክልናውን ወረቀት አሳዩኝ በሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሱ ያልሆነን ቤት የሚያከራይ ዘመድ ብዙ ነው።

15 ቀኑ ሲሰጠኝ ደላላ ጋ አልሄድኩም። እማማ ጋ ወረድኩ። ቡና እየቆሉ ነበር። ነገሩን ሰምተው ምንም አላሉም። በማግስቱ ምሽት አንደኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጋሼ በሬን አንኳኩ። «ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቤት ባለቤት የባለቤቴ ዘመድ ነች። ሰው አጥታ ነው እንጂ ለማከራየት ፈልጋለች። ስለ አንቺ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። ያለ ደላላ፣ ያለ ኮሚሽን ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። ዕቃዬን ያወረዱልኝ ሁለቱ ኤርትራውያን ወንድማማቾችና የተማሪዎቹ ቤት ልጆች ናቸው። አሁንም እዚያው ነኝ።

ግን ለምን ጋሼ ስለ እኔ ተናገሩ? ይህን ሳስበው ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎረቤት የሚናገርላት አይነት ሰው አልነበርኩም።

ስገባ በሬን ዘግቼ ነበር የምኖረው። ጠዋት 12 ሰዓት የሜክሲኮን ታክሲ ወረፋ ለመያዝ እወጣለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ። ደረጃ ላይ ሰው ሳገኝ ስልኬን አያለሁ። ክፋት አልነበረም። ዓይን አፋር ነኝ፣ ከተማውም ያስፈራኝ ነበር። አንድ ረቡዕ ንጋት ላይ ከታች ለቅሶ ሰማሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሙስሊም አባት አርፈው ነው። እኔ ግን ከሌላ ብሎክ መስሎኝ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቀብሩ ኮልፌ ተፈጽሟል፣ በሁለቱ ብሎኮች መሀል ድንኳን ተተክሏል። ሰዎች ተሰብስበዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ በጎን አለፍኩ። ደከመኝ ብዬ ነው። ነገ እሄዳለሁ ብዬ ነው። በማግስቱም አልሄድኩም።

በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ በአጭሩ መለሰልኝ። እማማ ግን ቁጭ አድርገው ነገሩኝ። «ቀብር ባትደርሺ ሥራ ይዟት ነው ይባላል። ከአንቺ ሥር ባለው ፎቅ የሚኖር ሰው ሞቶ በድንኳኑ ሥር ስታልፊ ግን ምን እንበል ልጄ?»

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ውስጥ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ የሚኖርበት አገር። ሀዘን ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እያወቅኩ መቅረቴ አሳፈረኝ። ያን ዕለት ማታ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «አላህ ይዘንላቸው» አልኩ። ትልቋ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «አባዬ ሐሙስ ሐሙስ ሌሊት ጀሪካንሽ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። ይቺ ልጅ ብቻዋን ነው የምትቀዳው፣ አግዟት ይለን ነበር» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

በሚቀጥለው እሁድ እድር ተመዘገብኩ። በእኛ ሳይት ተከራይም ይመዘገባል፤ በሌላ ቦታ ደንቡ ሊለይ ስለሚችል ጠይቁ። ብዙ ተከራይ «ነገ ለምሄድበት ቦታ እድር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። እድር የሚሰጣችሁ የቀብር ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወር በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ሰው በስም ታውቃላችሁ። ድንኳን ስትተክሉ፣ ወንበር ስትደረድሩ፣ ሽንኩርት ስትልጡ ከማን ጋር እንደምትኖሩ ትማራላችሁ። ለአዲስ ተከራይ ከዚህ የፈጠነ መግቢያ እኔ አላየሁም።

ልዩ ልዩ እምነት ባለበት ደረጃ ላይ መኖር አንዳንድ ነገር ማወቅ ይጠይቃል። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ አካባቢ ለመጣ ሰው ልጥቀሰው። ረቡዕና አርብ፣ በትላልቆቹ አጽዋማትም፣ ለኦርቶዶክስ ጎረቤት ቅቤ ወይ ወተት የነካው ነገር አትላኩ። በረመዳን ቀን ላይ ኮሪደር ላይ ቡና አታፍሉ፤ ሽታው ራሱ ይከብዳል። ማግሪብ ሲደርስ ግን ተምር ይዛችሁ ብትሄዱ የሚከፈተው በር ብዙ ነው። ሥጋ ተለያይቶ ይታረዳል። በፋሲካ ክርስቲያኑ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይካፈላል፣ በአረፋ ደግሞ ሙስሊሙ። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤት የሚሆን የጾም ወጥ በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ ይሠራል። ጭልፋው ሲደባለቅ የተፈጠረ ቅሬታ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለመታረቅ ሳምንት ፈጅቷል። ኮሚናል የሚባለው ቤት የተሠራው ለዚህ ለዚህ ነው፦ ለማረድ፣ ለትልቅ ድግስ ለማብሰል፣ ልብስ ለማጠብ። ለድግስ ከፈለጋችሁት የሕንፃውን ኮሚቴ ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ በበዓል ሰሞን ይጨናነቃል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። አማርኛ ሁሉም ይችላል። ግን ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ኦሮምኛ ተናጋሪ አባት ጠዋት «አከም ቡልቴ?» ስላቸው ፊታቸው ሲፈካ ማየት ለእኔ የቀኑ ጥሩ ጅምር ነው። ከእሳቸው የተማርኩት ሰላምታ ብቻ ነው፣ እሱም አንሶኝ አያውቅም።

ሁሉ ነገር ሰላም ነበር ለማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ አገር ሲጨንቅ ደረጃችንም ጨንቆት ነበር። ትግርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን ሱቅ መውረድ ያቆሙበት ጊዜ ነበር። ደረጃ ላይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። እማማ በዚያ ሰሞን ቡናቸውን ሁለተኛ ፎቅ ማፍላት አቆሙ። ጀበናውን ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጥተው ወንድማማቾቹ በር ላይ ያፈሉ ነበር። እኛም እዚያ ወጥተን ጠጣን። ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል አይነሳም። ስለ ውሃ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራ ነበር። ወንድማማቾቹ ዛሬ ካናዳ ናቸው። ለበዓል የሚደውሉት ለእማማ ነው።

የውሃውን ጉዳይ እንዴት እንደፈታነው ሳልነግራችሁ አልቀር። ለዓመታት ጸቡ ሁሉ ከውሃ ነበር የሚመጣው። ታችኛው ፎቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዳ ላይኛው አይደርሰውም። ጋሼ አንድ ወረቀት ላይ ተራ ጻፉ። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት መጀመሪያ አራተኛና ሦስተኛ ፎቅ ይቀዳል፣ ታችኞቹ ቧንቧቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ፣ አንደኛና ምድር ይቀጥላሉ። ወረቀቱ ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጠፈ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ቤት አላከበረውም። ጋሼ አልተቆጡም፣ በየበሩ እየሄዱ ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው ወር ሁሉም ገባው። ደረጃችሁ ላይ ይህ ከሌለ እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት። ወረቀቱን የሚጽፈው ግን ሁሉም የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ አዲስ ተከራይ ሆናችሁ እናንተ ብትለጥፉት ነገ ተቀዶ ታገኙታላችሁ።

ስለ ኮሚቴ ባጭሩ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። ባለቤቶቹ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ የጋራ ወጪም ያዋጣሉ። ተከራይ በዚህ ማኅበር ድምፅ ባይኖረውም የዘበኛና የጽዳት መዋጮ ከኪሱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። መዋጮውንም በጊዜው ክፈሉ። የእኛ ብሎክ ዘበኛ ሁለት ወር ሳይከፈለው ቆይቶ ሥራውን በተወበት ሳምንት ሦስት የመኪና ስፖኪዮና አንድ ሮቶ ተሰርቋል።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በብሎኮቹ መሀል ያለው ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆኗል ወይስ ልጆች ይጫወቱበታል? ቅዳሜ ከሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ በረንዳ ላይ ቆማ «ና ግባ!» የምትል እናት ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። የእኔ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ከሥራ ዘግይቼ ስገባ የት እንዳለች አልጠይቅም። ወይ እማማ ጋ ነች፣ ወይ ሦስተኛ ፎቅ ሳምቡሳ ስትበላ አገኛታለሁ። እማማን «አያቴ» ነው የምትላቸው። ማንም አላስተማራትም።

በዚህ ዓመት ግን ቤቱ ጠቦናል። ባለቤቴ ለሥራው ስለሚቀርበው ሌላ ሳይት ላይ ባለ ሁለት መኝታ ማየት ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቤት ለማየት ሄድን። ደላላው በቀጥታ ሊያስገባን ቁልፉን አወጣ። እኔ «ቆይ» አልኩትና ከምድር ጀምሬ ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁ። ማታ አንድ ሰዓት ነበር። አምፖሉ ይበራል። ደረጃው ተጠርጓል። አንደኛ ፎቅ የተላጠ ሽንኩርት ሽታ፣ ሁለተኛ ፎቅ የመዝሙር ድምፅ፣ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ የተደረደሩ የልጆች ጫማዎች። አንዲት ሴትዮ በራቸውን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉና «ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ቤት ለማየት ነው» አልኳቸው።

«አራተኛው ነው? ውሃው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ግቢና ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ» አሉኝ።

ባለቤቴን ከላይ ጠራሁት።